አጋታ ክሪስቲ በ83 ዓመቷ ያሳተመችው «ደካማ» መጽሐፍ፦ የሚባለውና እውነታው

በአውሮፓውያኑ 1973 የወጣው የእንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ «ፖስተርን ኦፍ ፌት» በአድናቂዎቿ ዘንድ እንኳ ስሙ በበጎ አይነሣም። እኔም ከወቃሾቹ አንዱ ነበርኩ። ዘንድሮ እንደገና ሳነበው ከምንከሰው ክስ ግማሹ የእኛው ስሕተት መሆኑን አየሁ።

«የመጨረሻ መጽሐፏ ነው።»
በመጨረሻ የጻፈችው ልብ ወለድ ነው፤ በመጨረሻ የታተመው ግን አይደለም። የዝነኛው መርማሪ ገጸ ባሕርይዋ የፖይሮ መሰናበቻ «ከርተን» በ1975፣ የሌላዋ መርማሪዋ የሚስ ማርፕል «ስሊፒንግ መርደር» ደግሞ ደራሲዋ ካረፈች በኋላ በ1976 ወጥተዋል። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተጽፈው የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ «በ1973 ደክማ በ1975 እንዴት ተነቃቃች?» ብሎ መደነቅ ከንቱ ነው። የተፈታው የሠላሳ ዓመት ስንቅ ነው።

«የመርሳት በሽታ እንዳለባት ተረጋግጧል።»
አልተረጋገጠም። በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተለያየ ዕድሜዋ የጻፈቻቸውን ልብ ወለዶች በኮምፒውተር አነጻጽረው ነበር። በኋለኞቹ ሥራዎቿ የቃላት ሀብቷ ሳስቷል፤ ሐረጎች ይደጋገማሉ፤ «ነገር»፣ «የሆነ ነገር» የሚሉ ድፍን ቃላት በዝተዋል። ይህ ያስጠረጥራል፤ ቃል መቁጠር ግን የሐኪም ምርመራን አይተካም።

«ቶሚና ተፐንስን አስረጅታ አበላሸቻቸው።»
የዚህ መጽሐፍ መርማሪዎች የሆኑት ባልና ሚስት በ1922 ወጣት ሆነው ብቅ ካሉ ጀምሮ ከደራሲዋ ጋር አብረው አርጅተዋል። ዕድሜው አልገፋ ያለው ፖይሮ ነው።

«አንድም የሚነበብ ነገር የለውም።»
እዚህ ላይ እሟገታለሁ። አጀማመሩ ግሩም ነው፤ አዛውንቶቹ አሮጌ ቤት ገዝተው ይገባሉ፤ ተፐንስ የድሮ የልጆች መጻሕፍት ስታገላብጥ በአንዱ ውስጥ ፊደላት ተሰምሮባቸው ታገኛለች። ስትገጣጥማቸው ሜሪ ጆርዳን የምትባል ሴት በተፈጥሮ ሞት እንዳልሞተች፣ ገዳዩም ከቤቱ ሰዎች አንዱ እንደሆነ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ እንደሚላላ አልክድም። ባልና ሚስቱ ያወቁትን መልሰው መላልሰው ይነጋገራሉ፤ አንባቢውም ቀድሟቸው ይሄዳል።

ነገር ግን በጓሮው ያለው አሮጌ መስታወት ቤት፣ ማቲልድ የተባለችው የእንጨት ፈረስ፣ ትሩላቭ የተባለው ባለ ጋሪ መጫወቻ ከየት መጡ? ደራሲዋ በግለ ታሪኳ የምትተርካቸው፣ በቶርኪ ከተማ ባደገችበት በአሽፊልድ የነበሩ የልጅነት መጫወቻዎቿ ናቸው። ይህን ስትጽፍ አሽፊልድ ፈርሷል። ገዳይ ፍለጋውን ወደ ጎን ትቼ የፈረሰ ቤቷን በቃላት የምታቆም አሮጊት እያሰብኩ ሳነበው ብዙ ገጾች ነፍስ ዘሩልኝ። በመጽሐፉ እንደ ልቡ የሚሮጠው ውሻ ሃኒባል እንኳ ከራሷ ውሻ የተቀዳ ነው፤ የመጽሐፉ መታሰቢያነትም የተሰጠው ለሃኒባልና ለጌታው ነው።