በደብረ ብርሃን ትንሽ ቤት የሚሰናዳ የጃዝ ሳምንት

የጃዝ ሳምንት በአንድ የሰፈር ቤት ውስጥ ሰባት ምሽት በተከታታይ የሚቀርብ፣ ታዳሚው ከስልሳ ሰው ብዙም የማያልፍ የሙዚቃ ዝግጅት ነው። ከአደባባይ ኮንሰርት የሚለየው በማነሱ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ሰኞ ከተተከለ እስከ እሑድ አይነሳም፤ ተጫዋቹም የክፍሉን ድምፅ እየለመደው ይሄዳል። ማሲንቆና ሳክስፎን ተግባብተው ለመጫወት ሦስት አራት ቀን ይፈልጋሉ፤ ይህን ጊዜ የአንድ ምሽት መድረክ አይሰጥም።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ አገር አይደለም። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደው ይፋት ነው። በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የተሻገረው ጌታቸው፣ አርበኛ የሚያሰማውን ሽለላ ቃሉን ትቶ ትንፋሹንና ንዝረቱን በቴነር ሳክስፎን አወጣው። የውጭ አድማጮች አጨዋወቱን ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ (ከተለመደው የጃዝ ደንብ ነፃ ከሆነ አጨዋወት) ጋር ቢያመሳስሉትም ምንጩ ሽለላው ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ፣ በአምስት ድምፅ ከሚዜመው ቅኝት ሥር የአሥራ ሁለት ድምፅ ሃርሞኒ (የተለያዩ ድምፆችን አጣምሮ በአንድነት ማሰማት) አስገባ። በደብረ ብርሃን የሚሰናዳ ሳምንት ከሁለቱም መንገዶች ሊቀዳ ይችላል፤ ለአካባቢው ጆሮ ግን የጌታቸው መንገድ ይቀርባል።

ቀኑን መምረጥ ተጫዋች ከመምረጥ ይከብዳል። በሁዳዴ ማሲንቆ ይሰቀላል፤ ጾመ ነቢያትም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማ ሌሊቱን በውርጭ ታሳልፋለች። የሚሻለው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ወጥ ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል፣ ምሽቱም ለዘብ ይላል። ችግሩ ይህ የሠርግ ወቅትም መሆኑ ነው። ቅዳሜና እሑድ አዝማሪው፣ ሞንታርቦውና የኪራይ ወንበሩ ሁሉ ሠርግ ቤት ናቸው። ስለዚህ አዝማሪ የሚቀርብበትን ምሽት ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ማድረግ፣ የድምፅ መሣሪያውንም ለሳምንት አንድ ላይ መከራየት ይበጃል።

አሥር በሰባት ሜትር የሆነ ክፍል ይበቃል። ከሰባ ካሬ ሜትሩ መድረኩ አሥራ ሁለት ያህል፣ መጠጥ መቅጃውና መተላለፊያው አሥራ አምስት ቢወስዱ፣ በቀረው ላይ ስልሳ ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል። የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዲ ኮርኒስ ድምፅ ስለሚውጡ ለሙዚቃ ከብሎኬት ቤት ይሻላሉ። ብሎኬት ከሆነ ግን ከመድረኩ ትይዩና በጎኖቹ ላይ የመንዝ ባና መስቀል ነው፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ተደርጎ ከተሰቀለ ማስተጋባቱን የበለጠ ይቀንሳል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ የጣለ ዕለት ምንም አያሰማም፤ እንዲህ ያለውን ቤት ባይመርጡት ይመረጣል።

በዚህ ስፋት ድራም በማይክ አይነሳም፤ በብሩሽ ይመታል፣ አለዚያ በከበሮ ይተካል። ድምፅ ማጉያዎቹ ከማይኮቹ ፊት፣ ወደ ታዳሚው ዞረው ይቆማሉ፤ ከማይኩ ኋላ ከሆኑ ማይኩ የራሳቸውን ድምፅ መልሶ ስለሚወስድ ያፏጫሉ። ለማሲንቆ ትንሽ ማይክ ከቆዳው አንድ ስንዝር ገደማ ርቆ ይያዝለታል። የቤዝ ጊታር ማጉያ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ክፍሉን በጉምጉምታ ስለሚሞላው ከጥግ መራቅ አለበት። የሚክሰሩ (የየማይኩን ድምፅ የሚያመጣጥነው መሣሪያ) ልክ በመጀመሪያው ምሽት ከተገኘ በፕላስተር ምልክት ይደረግበታል፤ አለዚያ ማክሰኞ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ብዙ አዘጋጅ ችላ የሚለው ብርዱን ነው። አየሩ በአሥር ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የትንፋሽ መሣሪያ ድምፅ የግማሽ ቶን (በሁለት ጎን ለጎን የኪቦርድ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት) ሲሶ ያህል ይወርዳል፤ ኪቦርዱ ግን ንቅንቅ አይልም። የሳክስፎን ተጫዋች አፍ መያዣውን ወደ ውስጥ ገፍቶ ሊያስተካክል ይሞክራል፣ ሆኖም ከዚያ ወዲያ መሣሪያው እርስ በርሱ አይስማማም። ሰው ከገባ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስልሳ ሰው ስድስት ኪሎ ዋት ገደማ ሙቀት ስለሚሰጥ ሳክስፎኑ ሽቅብ ሲወጣ የጊታሩ ብረት ክር ረግቦ ይወርዳል። የማሲንቆ ቆዳም እሳት አጠገብ ከተቀመጠ ደርቆ ይወጠራል። መፍትሔው ሰው ከገባ በኋላ መቃኘት፣ በእረፍትም እንደገና መቃኘት ነው። ከሰል ማንደጃ በዝግ ክፍል ውስጥ ማስገባት ክልክል መሆን አለበት፤ ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል።

በቅኝት ረገድ ማሲንቆና ክራር ለዘፋኙ ድምፅ ስለሚቃኙ ቋሚ መነሻ የላቸውም። ከቴነር ሳክስፎን ጋር ሲሆኑ መነሻቸውን ሲ ፍላት (ከሲ በግማሽ ቶን ዝቅ ያለው ድምፅ) ወይም ፋ ላይ ማድረግ ለሁሉም ይቀላል። ትዝታ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ለጃዝ ተጫዋች አያስቸግርም። አንቺ ሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ግን ኪቦርዱ የለመደውን ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ከደረደረበት ወዲያው ይበላሻል። እዚህ ላይ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ መቆየት፣ ወይም ጭራሽ እጅን ማንሳት ነው። ከተቻለ ይህ በቀን ልምምድ ቢያልቅ ይሻላል።

መብራት ይጠፋል ብሎ መነሳት ነው። ሁለት ማጉያ፣ ሚክሰር፣ ኪቦርድ፣ የቤዝ ማጉያና አምፖሎች ተደምረው ከሁለት ኪሎ ዋት አያልፉም። ይሁንና በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጄኔሬተር ከተጻፈበት ኃይል ከሩብ እስከ ሲሶ ያጣል፤ የሦስት ኪሎ ዋቱ ለሁለቱ ብቻ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ስለሚወስድ በሙዚቃው ሰዓት መጋገር የለም።

በየምሽቱ አርባ አምስት አርባ አምስት ደቂቃ የሚፈጁ ሁለት ክፍሎች ይበቃሉ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተጀምሮ ሦስት ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት፣ ከዚያ በኋላ ባጃጅ ይጠፋል። ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ከተደረሰ ግን ሙዚቃው ያን ዕለት ይቆማል፤ ድንኳን አጠገብ ሳክስፎን የነፋ ቤት ዕድርተኛው ዳግመኛ አይረግጠውም። ለዚህ ሲባል ከሰባቱ ምሽት አንዱ ያለ ተጋባዥ ይተዋል፣ የተቋረጠው ዝግጅት ወደዚያ ይዛወራል።

ሽልማትም አስቀድሞ ስምምነት ይፈልጋል። በአዝማሪ ቤት ወግ ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር የተሸለመው ሰው ነው፤ የጃዝ ባንድ ግን በጋራ ይካፈላል ብሎ ይጠብቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያስማማው፣ አዝማሪው በግጥም አወድሶ ያገኘውን ለብቻው ወስዶ፣ በሳህን የተሰበሰበው ለሁሉም እኩል መከፈሉ ነው። ሒሳቡም እሑድን ሳይጠብቅ በየምሽቱ ይዘጋል፤ ረቡዕ ተጫውቶ ሐሙስ የሚሄድ እንግዳ ተጫዋች አለና።