የባህር ወይን ምንድን ነው?

ስሙ ያሳስታል። የባህር ወይን ወይን አይደለም፣ ሐረግም አይደለም። ዛፍ ነው። የእጽዋት ተመራማሪዎች ኮኮሎባ ዩቪፌራ ይሉታል፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ወይን የሚያፈራ» ማለት ነው። ዝምድናው ግን ከእምቧጮና ከመቅመቆ ጋር ነው። ወይን ያሰኘው ፍሬው በዘለላ መንጠልጠሉ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ሲ ግሬፕ» ብላችሁ ስትፈልጉ ደግሞ የሚበላ አረንጓዴ የባህር አልጌ ሊመጣላችሁ ይችላል። እሱ ሌላ ነገር ነው።

አገሩ የካሪቢያን ባህር ዙሪያ ነው። ከደቡብ ፍሎሪዳና ከባሃማስ እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ ድረስ አሸዋ ላይ በቅሎ ይገኛል። ጨው ያዘለ ነፋስ ሌላውን ተክል ሲያቃጥል እሱ ምንም አይመስለው። ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታው ቦታ ጎንበስ ብሎ ቁጥቋጦ ይሆናል። ጋብ ያለ ቦታ ካገኘ ግን ከ10 ሜትር በላይ ያድጋል።

ብዙ ሰው ግቢው ውስጥ የሚተክለው ለቅጠሉ ብሎ ነው። ቅጠሉ ክብ ነው፣ እንደ ቆዳ ወፍራም፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መሃሉን የሚያቋርጠው ጅማት ቀይ ነው። ሊረግፍ ሲል ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ይቀላል።

ከዚያ ቅሬታው ይመጣል፦ «ተክዬ ስንት ዓመቴ፣ አንድ ፍሬ አላየሁም!» ዛፉ አልታመመም። የባህር ወይን እንደ ፓፓያ ወንዴና ሴቴ አለው። የምታፈራው ሴቴዋ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ንቦች ከወንዴው አበባ ዱቄት ካላመጡላት አታፈራም። ከዘር የበቀለ ችግኝ ደግሞ እስኪያብብ ድረስ ወንዴ ይሁን ሴቴ አይታወቅም፤ ለዚያ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ፍሬ የምትፈልጉ ከሆነ ከዘር አትጀምሩ። ዘለላ ተሸክማ በዓይናችሁ ካያችኋት ዛፍ ቁራጭ ውሰዱ፤ ቁራጭ የእናቱን ጾታ ይዞ ይቀጥላል። ወይም ቅርንጫፉን ሳትቆርጡ ልጡን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ላጡት፣ በእርጥብ አፈር ሸፍናችሁ በፕላስቲክ እሰሩት። ስር ሲያወጣ ቆርጣችሁ ትተክሉታላችሁ። በአካባቢው ወንዴ መኖሩንም አረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አያስቸግርም። ሙሉ ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ይበቃዋል። ስር እስኪሰድ አጠጡት፤ ከዚያ ድርቅን ይችላል። ውርጭን ግን አይችልም። ከገረዛችሁት ጥቅጥቅ ያለ አጥር ይወጣዋል፤ አበባ ያዘለውን ቅርንጫፍ ስትቆርጡ ግን ፍሬውንም እየቆረጣችሁ ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፣ ቶሎም አይበሰብስም። መጥረግ የሚሰለቸው ሰው ከመትከሉ በፊት ይህን ይወቅ።

ባህር ዳር ላይ ያለው ዛፍ ግን ጌጥ ብቻ አይደለም። ስሩ አሸዋውን ይይዛል። ቅጠሉ የቤቶችን መብራት ስለሚጋርድ፣ ሌሊት ከአሸዋ የሚፈለፈሉ የባህር ኤሊ ጫጩቶች ወደ መብራቱ ዞረው አይጠፉም። በፍሎሪዳ ሕግ ይህን ዛፍ ከሕዝብ መሬት፣ ወይም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከግል መሬት መቁረጥ ክልክል ነው። እኔ ተገቢ ሕግ ነው እላለሁ። ለባህር እይታ ተብሎ የተቆረጠ ዛፍ አሸዋውንም ይዞ ይሄዳል።

ፍሬው 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ዘለላ ላይ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ወይን ጠጅ ሆኖ ታያላችሁ፤ እየተራ ነው የሚበስለው። ዘለላውን በሙሉ አትቁረጡ። ከስር ጨርቅ አንጥፉና ቅርንጫፉን ነቅነቅ አድርጉት፤ የበሰለው ራሱ ይወርዳል። እንዲሁ ይበላል፣ ግን ውስጡ ትልቅ ዘር ስላለው ሥጋው ስስ ነው። ለዚህ ነው አብዛኛው ሰው ጄሊ የሚሠራበት። በትንሽ ውሃ ቀቅላችሁ ጨፍልቁት፣ በስስ ጨርቅ አጥሉት፣ ከዚያ ጭማቂውን ከስኳርና ከሎሚ ጋር እስኪወፍር አፍሉት። ያልበሰሉ ጥቂት ፍሬዎች ጣል ብታደርጉበት ቶሎ ይረጋል፤ የሚያረጋው ፔክቲን ጥሬው ላይ ይበዛል። የለቀማችሁትን ግን አታሳድሩ፤ ከተለቀመ ቶሎ ይበላሻል፣ በዚያው ቀን እሳት ላይ ይውጣ።