ካሊዮፒ ሃሚንግበርድ፦ ብርድ የለመደችው ትንሿ የተራራ ወፍ

ካሊዮፒ ሃሚንግበርድ በአሜሪካና በካናዳ ጎጆ ሠርተው ከሚፈለፍሉ ወፎች ሁሉ ትንሿ ናት። ክብደቷ ከ2 እስከ 3 ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ከሷ ይከብዳል። ርዝመቷ ከመንቁሯ ጫፍ እስከ ጭራዋ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሷ የምታንስ የኩባ ሃሚንግበርድ አለች፤ ያቺ ግን የምትኖረው ሞቃት ደሴት ላይ ነው። ካሊዮፒ ልጆቿን የምታሳድገው በሞቃቱ ወራት እንኳ ሌሊቱ ውሃ ሊያረጋ በሚደርስበት ተራራ ላይ ነው። የሚደንቀኝም ይሄ ነው። ትንሽ ገላ ሙቀት ቶሎ ያመልጠዋል። የዚህች ወፍ ጎጆም፣ እንቅልፍም፣ ጉዞም ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘ ነው።

መራቢያዋ በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ነው። ከካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተነስቶ በካስኬድ፣ በሮኪና በሴራ ኔቫዳ ተራሮች አልፎ ሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ከ1,200 ሜትር በላይ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ደን አይመቻትም። አኻያ የበቀለበት የወንዝ ዳር፣ የተራራ መስክ፣ ከሰደድ እሳት በኋላ ቁጥቋጦ ያቆጠቆጠበት ቦታ ደስ ይላታል። እንዲህ ያለ ቦታ አበባ አያጣም።

ሃሚንግበርድ የሚባሉት ወፎች በሙሉ በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ናቸው። እኛ አገር አበባ ሲቀስሙ የምናያቸው፣ ለምሳሌ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው የደጋ ወፍ፣ ከሌላ ቤተሰብ ናቸው። የእኛዎቹ በአብዛኛው ቅርንጫፍ ላይ አርፈው ይመገባሉ። ሃሚንግበርድ ግን አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ትመገባለች፤ ወደ ኋላም ትበራለች።

ካሊዮፒን እ.ኤ.አ. በ1847 ለሳይንስ ያስተዋወቃት እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ጆን ጉልድ ነው። ጉልድ ያን ጊዜ በሕይወት ያለ ሃሚንግበርድ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። የሚያጠናው ደርቀው ለንደን የሚደርሱትን ነው። በሕይወት ያለ ሃሚንግበርድ ያየው አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1857 ፊላደልፊያ በሄደ ጊዜ ነው።

ወንዱ ከአንገቱ ሥር የተዘረጉ ደማቅ ወይን ጠጅ መስመሮች አሉት። ሴቷ ይህ የላትም። ወንዱ ቀድሞ ደርሶ ቦታ ይይዛል፤ ከሱ በብዙ የሚበልጡ ወፎችን ሳይቀር ያባርራል። ሴት ስትመጣ ሽቅብ ይወጣና ቁልቁል ተወርውሮ እንደገና ይነሳል። በዚያ ቅጽበት የሚሰማው ድምፅ ከጉሮሮውም ከጭራ ላባውም ነው። ከዚህ በኋላ ልጅ ማሳደጉ ላይ የለበትም።

ጎጆው የሴቷ ሥራ ነው። ከሸረሪት ድር፣ ከዕፅዋት ጥጥና ከዛፍ ሽበት ትሠራዋለች። ብዙ ጊዜ በፓይን ዛፍ ላይ፣ ከደረቁ የፓይን ፍሬዎች መሃል ስለምታስቀምጠው አንዱ ፍሬ ይመስላል። ቦታ አመራረጧ በጣም ብልህ ነው። ከጎጆው በላይ ሌላ ቅርንጫፍ እንዲኖር ትፈልጋለች፤ ሙቀቱ ሌሊት ወደ ጠራው ሰማይ እንዳይሄድባት ይጋርዳል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውንም ጎን ትመርጣለች። ሁለት እንቁላል ጥላ 15 ወይም 16 ቀን ብቻዋን ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ይበራሉ።

ሃሚንግበርዶች ብርድ ሲበረታ ሌሊቱን ፍዝዝ ብለው ያሳልፋሉ። የገላቸው ሙቀት በጣም ይወርዳል፣ የልባቸው ምት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይቆጥባሉ። የምትታቀፍ ካሊዮፒ ግን በአብዛኛው ይህን አታደርግም። እንቁላሎቹን ማሞቅ ስላለባት ቀን የሰበሰበችውን ጉልበት ሌሊት ታነደዋለች።

ዋና ምግቧ ጣፋጩ የአበባ ፈሳሽ ነው፤ ትናንሽ ነፍሳትንም አየር ላይ ትይዛለች። አበባ ሳይፈነዳ ቀድማ ከደረሰች የግንደ ቆርቁር ዘመዶች ያድኗታል። እነሱ ዛፍ በስተው ፈሳሽ ያወጣሉ፤ እሷም ከዚያው ትጠጣለች።

የሰሜን አሜሪካን የብርድ ወራት በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ ታሳልፋለች። ደርሶ መልሱ በዓመት ከ8,000 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ረጅም ርቀት ከሚሰደዱ ወፎች ሁሉ ትንሿ እሷ ናት። ብርዱ ሲያልፍ ወደ ሰሜን ስትወጣ በፓስፊክ ዳርቻ በኩል፣ ስትመለስ በሮኪ ተራሮች ታልፋለች፤ በዚያ ጊዜ የተራራው አበባ ገና አላለቀም። በአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት ውስጥ የመለያ ቀለበት እግሯ ላይ ታስሮላት ከስምንት ዓመት በላይ መኖሯ የተረጋገጠ ሴት ካሊዮፒ አለች።

ዛሬ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ወፎች ተርታ አልተመደበችም። የአየር ንብረት ለውጥ ግን ያሳስበኛል። አበባው ቀድሞ ፈክቶ ከረገፈ ወፏ ስትደርስ የሚጠብቃት ነገር ይቀንሳል።

ዴንቨርና አካባቢው የምትኖሩ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በጓሯችሁ ስታልፍ ልታዩዋት ትችላላችሁ። መመገቢያ ከሰቀላችሁ ለአንድ እጅ ነጭ ስኳር አራት እጅ ውሃ ይበቃል። ማር አታድርጉ፣ ሻጋታ ያመጣል። ቀይ ቀለምም አያስፈልግም። ሲሞቅ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፤ ዕቃውንም በደንብ እጠቡት።