የክሮኤሽያ ሙዚቃ በሰው አገር መድረክ

በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአውሮፓውያኑ የዘፈን ውድድር ዩሮቪዥን በስዊድኗ ማልሞ ከተማ ሲካሄድ፣ አንድ የክሮኤሽያ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ላሙን ሸጦ፣ እናቱን ተሰናብቶ ከአገር ስለሚወጣ ወጣት ዘፈነ። ስሙ ማርኮ ፑሪሺች ነው፤ የመድረክ ስሙ ቤቢ ላዛኛ። የመጣው ከኢስትሪያ፣ ኡማግ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። በአገሩ ማጣሪያ መጀመሪያ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር፤ ሌላ ተወዳዳሪ ራሱን ሲያገልል ነው ቦታ ያገኘው። ማልሞ ላይ በ547 ነጥብ ሁለተኛ ወጣ። በተመልካች ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንደኛ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ የዋና ከተማዋ የዛግሬብ ዋና አደባባይ በሰው ተጥለቅልቆ ጠበቀው።

ከብት ተሸጦ ልጅ የሚሸኝበትን ቤት እኛም እናውቀዋለን። ክሮኤሽያ በ2011 ቆጠራ 4.28 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ በ2021 ግን ወደ 3.87 ሚሊዮን ወረደ። በ2013 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ለወጣቱ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት፣ ብዙው ወደ ጀርመንና ወደ አየርላንድ ነጎደ። ዘፈኑ ሲሰሙት ጭፈራ ነው፣ ያስዘልላል፤ ውስጡ ግን የአገሬው የእውነት ኑሮ አለ። ሰዉ የወደደው ለዚህ ይመስለኛል።

ክሮኤሽያ በዚህ መድረክ አዲስ አይደለችም። በ1989 የዛዳር ከተማው ባንድ ሪቫ በስዊዘርላንዷ ሎዛን ሲያሸንፍ፣ ክሮኤሽያ ያኔ የዩጎዝላቪያ ክፍል ስለነበረች የያዘው የዩጎዝላቪያን ባንዲራ ነበር፤ የተዘፈነው ግን በክሮኤሽያኛ ነው። ዩጎዝላቪያ ይህን ውድድር ያሸነፈችው ያኔ ብቻ ነው። የ1990ው ውድድር ዛግሬብ ላይ ተካሄደ፣ ዓመት አለፍ እንዳለ አገሪቱ ፈረሰች። ክሮኤሽያ በራሷ ስም የቀረበችው በ1993፣ ጦርነቱ ገና ሳይበርድ ነው።

በ2013፣ ልክ እንደ አጋጣሚ ያኔም ማልሞ ላይ፣ ስድስት ወንዶች ክላፓ ይዘው ቀረቡ። ከግማሽ ፍጻሜው አላለፉም። እኔ ግን ምርጫው ልክ ነበር ባይ ነኝ።

ክላፓ ምን መሰላችሁ? ቃሉ የጓደኛሞች ስብስብ እንደማለት ነው። የዳልማሺያ፣ ማለትም የባሕሩ ዳር ሰዎች ዘፈን ነው። በወጉ ከሄድን መሣሪያ የለም። አንደኛው ቴኖር፣ ማለትም ቀጭኑ የወንድ ድምፅ፣ ብቻውን ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለተኛው ቴኖር፣ መካከለኛው ባሪቶንና ወፍራሙ ባስ ከሥር ይገቡና ድምፁን ያነሡታል። ግማሽ ክብ ሠርተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው የሚቆሙት፤ አንዳንዴም ተቃቅፈው። ይሄ ለውበት ብቻ አይደለም። አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ካልሰማ አራቱ ድምፅ አንድ አይሆንም። የሚዘፍኑት ስለ ፍቅር ነው፣ ስለ ባሕር፣ ስለ ተወለዱበት ቀዬ። ዩኔስኮ በ2012 መዝግቦታል። ከ1967 ጀምሮ ደግሞ በተራራና በባሕር መሐል በተቀመጠችው ኦሚሽ በየዓመቱ የክላፓ ፌስቲቫል ይደረጋል። ድሮ የወንዶች ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጎበዝ ጎበዝ የሴቶች ክላፓዎች አሉ። ችግሩ፣ ለጠረጴዛ ዙሪያና ለድንጋይ ግድግዳ የተሠራ ድምፅ በሦስት ደቂቃ የቴሌቪዥን ውድድር ውስጥ ሲገባ ይጠብበዋል።

ከባሕሩ ርቃችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ስላቮኒያ ሜዳ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ንጉሡ ታምቡሪትሳ ነው፤ ክራር ሳይሆን ማንዶሊን የሚመስል፣ አንገቱ ረዘም ያለ ባለ ክር መሣሪያ። ዘሩ ከኦቶማን ቱርኮች ጋር እንደገባ ነው የሚነገረው። ትንሿ ቢሰርኒትሳ ትባላለች፣ ስሟ ከ«ዕንቁ» የመጣ ነው፤ ትልቁ ቤርዴ ደግሞ ቆመው የሚጫወቱት ባስ ነው። በ1847 ፓዮ ኮላሪች ኦሲየክ ከተማ ላይ ታምቡሪትሳ ተጫዋቾችን በቡድን አደራጀ፣ ከዚያ ወዲህ መሣሪያው የአገር ምልክት ሆነ።

በዚሁ ሜዳ ቤቻራትስ የሚባል ነገር አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ባለ ሁለት መስመር ግጥም ነው፣ እያንዳንዱ መስመር አሥር ቀለም፣ ቤት የሚመታ። መሪው የመጀመሪያውን መስመር ያወጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ መሣሪያው ይሞላል፤ ሁለተኛው መስመር ሲመጣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አንዱ ሌላውን ይነካል፣ የተነካው እዚያው ፈጥሮ ይመልሳል። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» ሲባል የሰማ ሰው ለቤቻራትስ ባዳ አይሆንም። ይሄም ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አለ። ወደ ውጭ ለማውጣት ግን ከባዱ እሱ ነው፤ ቋንቋውን ለማያውቅ ተመልካች ዜማው ይደርሰዋል፣ ቀልዱ አገር ቤት ይቀራል።

ታምቡሪትሳን ሰው አገር ያቆመው ስደተኛው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የክሮኤሽያ ገበሬዎች ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፒትስበርግ አካባቢ የብረት ፋብሪካዎች ሠሩ። በ1894 የመረዳጃ ማኅበራቸውን እዚያው መሠረቱ፤ የእኛ ሰው በየሄደበት ዕድርና ዕቁብ እንደሚያቋቁመው ማለት ነው። መሣሪያውንም ለልጆቻቸው አስተማሩ። በ1937 ደግሞ በከተማው ዱኬን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የታምቡሪትሳ ቡድን ተቋቋመ። አያቱ የተወለደበትን መንደር በዓይኑ ያላየ ልጅ ኮሎ የሚባለውን የክብ ጭፈራ ይጨፍራል።

በክላሲካል በኩልም የዛግሬብ ሶሎይስቶች የሚባለው የባለ ክር መሣሪያ ቡድን አባላት ከ1953 ጀምሮ ዓለምን ይዞራሉ፤ በ1923 በ37 ዓመቷ ያረፈችው የሙዚቃ ደራሲ የዶራ ፔያቼቪች ሲምፎኒም በቅርቡ በቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተቀርጿል።

ባህሉን በመንግሥት ደረጃ ይዞ የሚዞረው ግን ላዶ ነው፤ በ1949 የተመሠረተ ብሔራዊ የጭፈራና የዘፈን ቡድን። ጨፋሪዎቹ ራሳቸው ዘፋኞች ናቸው፤ የሁሉንም ክፍለ አገር ጭፈራ በየልብሱ ያቀርባሉ። ከሚያቀርቧቸው አንዱ ከዳልማሺያ ባሕር ዳር ወደ ውስጥ ገባ ካለው አገር፣ ከቭርሊካ የመጣ ኮሎ ነው። በዚያ አካባቢ «ኒየሞ ኮሎ»፣ ድምፅ አልባው ጭፈራ የሚባል አለ፤ ያለ ምንም ሙዚቃ ነው የሚጨፈረው። ወንዱ ሴቷን ይዞ ክቡን እየጎተተ በከባዱ ይረግጣል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። የሚሰማው የእግሩ ድምፅና፣ በሴቶቹ ደረት ላይ የተደረደረው የብር ሳንቲም በየእርምጃው ሲንሿሿ ብቻ ነው።