«እግዜር በግሎስተርሸር እንዳለ»፦ በፊደሉ ሲነበብ የሚሞት መሐላ

እንግሊዞች አንድ የቆየ አባባል አላቸው። በእኛ አፍ ሲባል «እግዜር በግሎስተርሸር የመኖሩን ያህል እርግጥ ነው» እንደማለት ነው። ሰሞኑን የእንግሊዝኛ አባባሎችን በአማርኛ የሚያስተምር አንድ ወጣት ይህንኑ ሲያብራራ ሰማሁትና ሁለት ቦታ ላይ አናደደኝ። የአውራጃውን ስም ፊደል በፊደል እየለቀመ «ግላውሴስተርሻየር» አለው። ከዚያ ደግሞ «መንገድ ስትጀምሩ፣ ፈተና ስትገቡ፣ እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው ለማለት ተጠቀሙበት» ብሎ መከረ።

አባባሉ ጸሎት አይደለም፤ ምርቃትም አይደለም። መሐላ ነው። የተናገሩት ነገር ሲጠረጠርባችሁ «ማርያምን!» ወይም «የቁልቢው ምስክሬ ነው!» እንደምትሉት ያለ። ቁልቢን የሚጠራ ሰው ገብርኤል ሌላ ቦታ የለም ማለቱ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ቦታውን የሚጠራው መሐላው ክብደት እንዲያገኝ ነው። እንግሊዙም «ነገ ዝናብ ይጥላል፣ እግዜር በግሎስተርሸር እንዳለ» ሲል ስለ እግዜር መኖሪያ እየሰበከ አይደለም። ስለ ዝናቡ እየማለ ነው።

ስሙን አስቀድመን እናቃና። ከተማዋ ግሎስተር ናት፤ አውራጃው ግሎስተርሸር። በጽሑፍ ግን «ሴ»ም አለች፣ «ኡ»ም አለች፣ ማንም አይጠራቸውም። ለመሆኑ ከየት መጡ? ሮማውያን ቦታውን ግሌቩም ይሉት ነበር። እነሱ ከሄዱ በኋላ የመጡት አንግሎ ሳክሶኖች የሮማውያኑን ምሽግ ሲያዩ በስሙ ጫፍ ላይ «ቼአስተር» ቀጠሉበት፤ ይህም «ካስትራ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፣ ምሽግ ማለት። ማንቸስተር ላይ ያለችው «ቸስተር» ይህችው ናት። ከ1066 ወዲህ ግን አገሩን የያዙት ኖርማኖች ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸውና «ቼ» በአንዳንድ ቦታ «ሴ» ሆነች። ከዚያ የአገሬው ሰው የስሙን መጀመሪያ አጥብቆ፣ መካከሉን እያቻኮለ ሲጠራው «ሴ» ተዋጠች። ግሎስተር፣ ሌስተር፣ ዉስተር፣ ቢስተር የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ጸሐፊዎቹ አጻጻፋቸውን አልለወጡም፤ አፉ ግን ጥሏቸው ሄደ። እኛም «እግዚአብሔር» ብለን ጽፈን «እግዜር ይስጥልኝ» የምንል ሰዎች ስለሆንን በዚህ መገረም አይገባንም።

ማስረጃ የሚፈልግ ካለ የልጆቹን ግጥም ያዳምጥ፤ ዶክተር ፎስተር ወደ ግሎስተር ሄደ ይላል። «ግላውሴስተር» ከተባለ ቤት አይመታም። እንዲያውም በ1789 የአውራጃውን እርሻ ያጠናው ዊልያም ማርሻል በመጽሐፉ ርዕስ ላይ «ኡ»ን ጥሎ ነው የጻፈው። የተማረው ሰው ብዕር እንኳ አንዳንዴ ወደ አፉ ያዘነብል ነበር ማለት ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ከዚህ የባሰም አለ። «ቾልሞንደሌይ» ተብሎ ተጽፎ «ቸምሊ» የሚባል የቤተሰብ ስም አለ። «ፌዘርስቶንሃው» ተጽፎ «ፋንሾ» ይባላል። «ቤውቻምፕ» ቢቸም ነው፤ «ሴንት ጆን» የሰው ስም ሲሆን ሲንጅን። እነዚህን ስሞች አልወዳቸውም። የመኳንንት ስሞች ናቸው፣ እንግዳውን ከዘመድ ለመለየት በር ላይ የቆሙ ዘበኞች ይመስሉኛል። ግሎስተር ግን የዚያ ወገን አይደለም። ያሳጠረው ጋሪ ነጂው፣ አላቢዋ፣ ገበያተኛው ነው። የአውራጃው ገበሬ ደግሞ የለንደን ሰው የሚውጣትን «ር» እስከ መጨረሻው ስለሚያሰማት አማርኛ ተናጋሪ ግሎስተርሸርን ከለንደኑ ሰው ይልቅ አሳምሮ ሊጠራው ይችላል።

አሁን ወደ አባባሉ ምንጭ። ቶማስ ፉለር የተባለ ቄስ ስለ እንግሊዝ አውራጃዎች የጻፈው መጽሐፍ እሱ ከሞተ በኋላ በ1662 ታትሟል (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። አባባሉ እዚያ አለ፤ ሁለት ማብራሪያም ተሰጥቶታል። አንደኛው የአፈሩ በረከት ነው። የማልምስበሪው መነኩሴ ዊልያም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ግሎስተር ሸለቆ ሲጽፍ እህሉን፣ ወይኑን፣ በመንገድ ዳር ማንም ሳይተክላቸው ፍሬ የሚሸከሙትን ዛፎች ያደንቃል። ሁለተኛው ማብራሪያ ገዳማቱ ናቸው። በዚህ በአንድ አውራጃ ውስጥ በግሎስተር፣ በቹክስበሪ፣ በሳይረንሴስተርና በዊንችኩም አበምኔቶቻቸው እንደ ጳጳስ አክሊል የሚደፉ ታላላቅ ገዳማት ነበሩ።

ብዙዎቹ ተርጓሚዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ምክንያትም አላቸው። ከዊንችኩም አጠገብ የሄይልስ ገዳም አለ፣ በ1246 የተመሠረተ። በ1270 የመሥራቹ ልጅ ኤድመንድ የክርስቶስ ደም ነው የተባለ ነገር በብልቃጥ አድርጎ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ግሸን ግማደ መስቀሉ አለ ብሎ እንደሚወጣው የእኛ ምእመን ሕዝቡ ወደ ሄይልስ ይጎርፍ ነበር። በሄይልስ ደም መማል በመላው እንግሊዝ የታወቀ ነበር። በ1538 ግን የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሰዎች ብልቃጡን ወሰዱት። አንድ ጳጳስ ለንደን ውስጥ በሕዝብ ፊት ቆሞ «ይህ በሳፍሮን የቀላ ማር ነው» አለና ጉዳዩ በዚያው አበቃ። ገዳሙ በቀጣዩ ዓመት ተዘጋ። ዛሬ የቆሙት ጥቂት ቅስቶች ናቸው፣ ሣሩም በደንብ ይታጨዳል። የቹክስበሪ ሰዎች ብልሆች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውን ከንጉሡ በ453 ፓውንድ ገዝተው አተረፉት።

እኔን የማያሳምነኝ እዚህ ላይ ነው። ገዳማቱ ከፈረሱ፣ ደሙም ማር ነው ከተባለ ከ120 ዓመት በላይ በኋላ፣ በፕሮቴስታንት አገር፣ ሰው ለምን በዚያው አውራጃ ስም ይምላል? መሐላ ምንጩ ሲደርቅ ይደርቃል። ይህኛው ካልደረቀ ሌላ የሚያጠጣው ነገር ነበረው ማለት ነው። የእኔ መላ ፎርማጆ ነው።

አትሳቁ። ከኮትስወልድ ገደል ሥር፣ በሰቨርን ወንዝ ዳር የተዘረጋው ሸለቆ ለከብት የተፈጠረ ነው። የአገሬው ላም ጥቁር ቡናማ ናት፤ ከጀርባዋ ጀምሮ ጭራዋን ይዞ እስከ ሆዷ የሚወርድ ነጭ መስመር አላት፣ አንድ ጊዜ ያያት ሰው አይረሳትም። ከወተቷ ሁለት ዓይነት ፎርማጆ ይሠራል። ነጠላው ግሎስተር የማታው ወተት ቅባቱ ተገፎ ከጠዋቱ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ስስና ለጋ ነው፤ ድርቆሽ አጫጆች ሜዳ ላይ ስለሚበሉት የድርቆሽ ፎርማጆም ይሉታል። ድርቡ ግሎስተር ግን ካልተገፈፈ ወተት ይሠራል፣ ወፍራም ነው፣ መንገድ ይችላል። ለንደን የሚወርደው እሱ ነበር።

ሥራው የሴቶች ነበር። ባለሙያዋ ወተቱን አርግታ፣ እርጎውን ቆራርጣ፣ በከባድ መጫኛ አጥልላና ጨው አሽታ ስታበቃ ፎርማጆው ወደ ቆጡ ይወጣል። ይህ ቆጥ ነው ልቤን የሚወስደው። ማርሻል እንደሚነግረን የቆጡን ወለል በለጋ የባቄላ ቅጠልና በድንች አገዳ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ያሹታል፤ ከዚያ ፎርማጆውን በላዩ ደርድረው እያገላበጡ ያቆዩታል። ልጣጩ ሰማያዊ ወዝ የሚያወጣው በዚህ ነው። ያንን ቀለም ያላየ ነጋዴ አይገዛም። ታዲያ ነጋዴው ሲመጣ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? በጫማው ፎርማጆው ላይ ይወጣል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየረገጠ በቆጡ ላይ ይራመዳል። ከእግሩ ሥር የሚሰምጥ ወይም የሚነፋ ካለ ለብቻ ይወጣል፣ ዋጋም የለው።

ቦታው ላይ ቁሙና አስቡት። የለንደን ነጋዴ በበጋው ሙሉ የደከመችበትን ሥራ እየረገጠ ነው። «ይኼኛው እስከ ለንደን ይደርሳል?» ይላታል። ምን ትመልስለት? ጎረቤት ለጎረቤት በአውራጃው ስም አይምልም፤ ሁለቱም እዚያው ናቸውና ትርጉም የለውም። «በግሎስተርሸር» የሚል መሐላ የሚያስፈልገው ከግሎስተርሸር ውጭ ለመጣ ሰው ነው። መነኩሴም ለመነኩሴ እንዲህ አይምልም። ለእኔ ይህ መሐላ የሻጭና የገዢ መሐላ ነው፣ «የአገሬን ስም አስይዤልሃለሁ» የሚል። ገዳማቱ ቢፈርሱም ላሞቹ ስላልፈረሱ መሐላው ኖረ። የገዳሙን ማብራሪያ የሚወዱ ሊቃውንት ፎርማጆ ላይ የተራመደ ነጋዴ አይተው ቢሆን ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከላሞቹ ሳንርቅ፤ በዚሁ ሸለቆ ውስጥ «በርክሌይ» ተብሎ የሚጻፍ ከተማ አለ። ባርክሊ ነው የሚባለው። በ1796 የከተማዋ ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ብሎሰም ከተባለች ላም የላም ፈንጣጣ ከተጋባባት አላቢ እጅ ላይ ፈሳሽ ወስዶ የ8 ዓመት ልጅ ከተበ። የዛሬው ክትባት መንገዱን የጀመረው ከዚያ ነው። ብሎሰም ያችው ጀርባዋ ነጭ የአገሬው ላም ነበረች። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 መሆኑን ያስታወሰ ሰው ባርክሊን በትክክል ቢጠራላት ያንስባታል እንጂ አይበዛባትም።

ሌላም ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ እንግሊዝ ሲያድግ ከኖረባቸው ቦታዎች አንዱ ቸልትነም ነው፤ ግሎስተርሸር ውስጥ። የኮሌጁ ርዕሰ መምህር ጄክስ ብሌክ ቤት ነበር ያረፈው፤ በ1874 መምህሩ ወደ ራግቢ ሲዛወር ልጁም አብሮት ሄደ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ18 ዓመቱ ሞተ። የቸልትነም ጎረቤቶቹ ይህን መሐላ በጆሮው ጣል አድርገውበት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የተማረው ከአፋቸው ስለሆነ ግሎስተርን ከብዙዎቻችን አሳምሮ እንደሚጠራው አልጠራጠርም።

ወደ ድምፁ ልመለስና ሁለተኛውን መላዬን ልናገር። አባባሉ በእንግሊዝኛ «ጎድ» ብሎ ይጀምርና «ግሎስ» ላይ ይወድቃል። ሁለቱም በ«ግ» ይነሳሉ፣ ሁለቱም አጭር «ኦ» አላቸው። አንዱ ሌላውን ይጠራል። እንግሊዝ ውስጥ ለም አውራጃ ሞልቷል፤ ኬንትም አለ፣ ሄሪፎርድሸርም አለ። እግዜር ግሎስተርሸር ላይ የተገኘው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከፎርማጆው ቀጥሎ በዚህች «ግ» ምክንያት ነው። «ግላውሴስተርሻየር» ያላችሁ ዕለት «ኦ»ዋ ትሄዳለች፣ ሁለት ትርፍ ድምፅ ይሰነቀርና ምቱ ይሰበራል። በእኛ ቋንቋ «የቁልቢው» ማለት ሲገባ የአጥቢያውን ሙሉ ስም ከነወረዳው ዘርዝሮ እንደመማል ነው፤ ማን ያምናችኋል?

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ከወቀሳ አያመልጡም። አባባሉን በሻይ ኩባያና በፎጣ ላይ አትመው ለጎብኚ ሲሸጡ አይቻለሁ፤ ከጎኑ ኮረብታና በግ ሥለውበት። አገራችን ታምራለች ማለታቸው ነው። ሌላው ደግሞ ከ«የእግዜር አውራጃ» ጋር ያምታታዋል። ያ የዮርክሸር ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚሉት ጉራ ነው፤ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

የእኛዎቹ ደግሞ ምክንያት የላቸውም። በ2016 ሌስተር ሲቲ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን «ሌይሴስተር» ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ኳስ ሲሆን ጆሯችን ይሠራል። በጂኦግራፊ ትምህርት «ግሪንዊች» እያልን ያደግንባትን ግሪኒችንም ለንደን የገባው ሁሉ በሳምንቱ ያቃናታል። ግሎስተር ሲደርስ ነው እንደገና ፊደል ቆጣሪ የምንሆነው። በተለይ መጽሐፍ የምትተረጉሙ፣ ዜና የምታነቡ፣ ግሎስተርሸር ብላችሁ ጻፉት፤ በሰባት ፊደል ያልቃል። አባባሉንም ዝናብ፣ ዕዳ ወይም የኳስ ውጤት ላይ ተጠቀሙበት እንጂ መንገደኛ አትመርቁበት።

ይህን ሕግ ሰምቶ ነገ «ሳይረንስተር» የሚል ሰው እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ተው። እዚያው አውራጃ ውስጥ ያለችው ሳይረንሴስተር ዛሬ «ሴ»ዋን ሳትውጥ ነው የምትጠራው። በሼክስፒር ዘመን «ሲሲተር» ይሏት ነበር፣ ኋላ ግን ትምህርት ሲስፋፋ ሰዉ ፊደሏን እያየ መልሶ አስረዘማት፤ አሁን «ሲሲተር» ብላችሁ መንገድ ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ ሽማግሌ ማግኘት ይቸግራል።