ባዮፊልምና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች፦ ደሴ

ባዮፊልም ባክቴሪያዎች አንድ ነገር ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባመነጩት ልጋግ ተሸፍነው የሚኖሩበት ስብስብ ነው። ውሃ የከረመበት ጀሪካን ውስጡን የሚያዳልጠው ይኸው ነው። ሆስፒታል ውስጥ መቀመጫው የሽንት ቱቦ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ)፣ የመተንፈሻ ቱቦ ወይም አልድን ያለ ቁስል ነው።

ልጋጉ መድኃኒቱን ያዘገየዋል። ከሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ምግብና ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው መባዛት ያቆማሉ ማለት ይቻላል፤ ብዙው አንቲባዮቲክ ግን የሚበረታው በሚባዛው ላይ ነው። ተጠጋግተው ስለሚኖሩም መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ጂን ይቀባበላሉ። ስታፊሎኮከስ ኦውረስ፣ ክሌብሴላ፣ ሱዶሞናስና አሲኔቶባክተር በዚህ የታወቁ ናቸው።

ደሴ በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። ዛሬ በአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የደሴ ላቦራቶሪ የካልቸር (ጀርምን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ውጤቶችን ለዓመታት በትጋት መዝግቦ አቆይቷል። ከዚያ መዝገብ የቁስል ጥናት በ2011፣ የሽንት ኢንፌክሽን ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። በቁስሉ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ፣ በሽንቱ ኢ. ኮላይ ቀዳሚ ሆነው ተገኙ። ሁለቱም የትኛው ጀርም ለየትኛው መድኃኒት እንደሚበገር የሚያሳዩ እንጂ ባዮፊልም የለኩ አይደሉም። ቢሆንም ከዋናዎቹ ባዮፊልም ሠሪዎች መካከል የሚቆጠሩት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። አስተማሪ የሆነውን የወሎ ዩኒቨርሲቲን የጤና ሳይንስ ኮሌጅም ደሴ ታስተናግዳለች።



ባዮፊልምን ለመለየት ውድ ዕቃ የግድ አይደለም። ባክቴሪያውን ፈሳሽ ምግብ ባለው የመስታወት ቱቦ ያሳድጉታል፣ ያጥቡታል፣ በክሪስታል ቫዮሌት ያቀልሙታል። ግድግዳው ላይ ወይን ጠጅ ሽፋን ከቀረ ባዮፊልም አለ። ኮንጎ ሬድ የተባለ ቀለም ባለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ደግሞ ጥቁር፣ ደረቅ መልክ ያለው እድገት ምልክት ነው፤ ይህኛው ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። በቁጥር ለመለካት የሚመረጠው ባለ 96 ጉድጓዱ ፕሌት (ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት ሳህን) ነው፤ እሱ ግን የቀለሙን መጠን የሚያነብ መሣሪያ ይፈልጋል።

ባዮፊልም የሚሠራ ሁሉ መድኃኒት የተላመደ ነው ወይ? ጥናቶች አይስማሙም። አንዳንዶቹ ጥብቅ ዝምድና ያያሉ፣ ሌሎቹ አያዩም። ያላስፈለገ የሽንት ቱቦ ቶሎ ይውጣ የሚለው ላይ ግን ክርክር የለም፤ ቱቦው በቆየ ቁጥር ባዮፊልሙ ይደረጅበታል።