ደርብ ነው ሰገነት? «የላይኛው ቤት» በግሪኩ

ጴጥሮስና ዮሐንስ ፋሲካን ሊያዘጋጁ ሲላኩ የተሰጣቸው ምልክት የውኃ ማድጋ የተሸከመ ሰው ነው። ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ በነበረበት አገር ደህና ምልክት ነው። እኛም ሠፈር እንስራ ያዘለ ወንድ ቢያልፍ ዞሮ የማያየው የለም። ሰውየው የገባበት ቤት ላይ ያለው፣ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የመጨረሻውን እራት የበላበት ክፍል ነው የዛሬው ጉዳያችን።

ማርቆስ (14፥15) እና ሉቃስ (22፥12) ክፍሉን «አናጋዮን» ይሉታል። «አና» ወደ ላይ ነው። «ጌ» ደግሞ ምድር፤ ጂኦግራፊ የምንለው ቃል ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ከምድር ከፍ ያለ ማለት ነው እንግዲህ። የዛሬ ደላላ ቢሆን «ጂ ፕላስ ዋን ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። አማርኛው «በደርብ ላይ ያለ» ይለዋል፤ «የተነጠፈ» ሲልም ግሪኩን ልቅም አድርጎ ነው የያዘው።

ሐዋርያት ከደብረ ዘይት ተመልሰው የወጡበት ክፍል (ሐዋ. 1፥13) ግን ስሙ ሌላ ነው፤ «ሂፔሮኦን»። «ሂፔር» በላይ ማለት ነው። የጣቢታ ሬሳ የተኛበት፣ አውጤኪስ እንቅልፍ ጥሎት በመስኮት የወደቀበት ክፍልም በዚሁ ቃል ተጠርቷል። ሉቃስ ወንጌሉንም የሐዋርያት ሥራንም ጽፏል፤ ሁለቱንም ቃል ተጠቅሟል ማለት ነው። ታዲያ ክፍሉ አንድ ነው ሁለት? ጽሑፉ አይናገርም። አንድ ነው የሚለው ትውፊት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ጽርሐ ጽዮን ትለዋለች። ላቲኑ ደግሞ ሁለቱንም «ኬናኩሉም» ብሎ ጠቀለላቸው። «ኬና» እራት ነው፤ የእራት ቤት እንደማለት። አማርኛው ግን አልጠቀለለም። የመጀመሪያውን ደርብ፣ ሁለተኛውን ሰገነት አለ። ተርጓሚዎቹን እዚህ ላይ አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ችግሩ ዛሬ ሰገነት ሲባል ባልኮኒ ይታየናል፤ አሥራ አንዱ ሐዋርያት በረንዳ ላይ ተደርድረው!

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ ያለው ቃል ነው። ማርቆስ 14፥14 ላይ ጌታ የእንግዳ ክፍሉን ሲጠይቅ «ካታሉማ» ይላል። መንገደኛ ጓዙን ፈትቶ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይኸው ቃል ሉቃስ 2፥7 ላይ አለ፤ «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» የሚለው። የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ውስጥ ያለው፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ማደሪያ በግሪኩ ሌላ ስም አለው። ስለዚህ ቤተ ልሔም ላይ የሞላው ሆቴል ሳይሆን የሰው ቤት የእንግዳ ክፍል ነው የሚሉ ተርጓሚዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ሲወለድ ካታሉማ ውስጥ ቦታ አልተገኘም። በመጨረሻዋ ምሽት ግን ማርቆስ በግሪኩ የጻፈው ጥያቄ እንዲህ ነው፤ «ካታሉማዬ የት ነው?»